የሺህኛዋ ሰከንድ ውዳሴ

የሰው ልጅ ለከንቱ ነገር ያፈሰሰው ገንዘብና ዕውቀት ብዙ ነው። ችግሩ አብዛኛው ከንቱነት ባለቤቱን የሚያሳፍር ቅንጣት ጥቅም ተጣብቆበት መገኘቱ ነው። ለራሱ ሐውልት ያቆመ ሰው እንኳ ቢያንስ ለእርግብ ማረፊያ ይተርፈዋል። ከጥቅም ፈጽሞ የጸዳ፣ እንከን የማይወጣለት ከንቱነት ማየት የሚሻ ወደ ጀርመን፣ ወደ አይፍል ተራሮች ብቅ ይበል። እዚያ ኑርበርግሪንግ የሚባል የመኪና መሽቀዳደሚያ አለ። ኖርድሽላይፈ የተባለው ሰሜናዊ ዙሩ 20.832 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ በጫካ መሐል እየተጠማዘዘ 300 ሜትር ያህል ሽቅብ ወጥቶ ቁልቁል ይወርዳል። ግንባታው በ1925 ሲጀመር (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አንዱ ዓላማ ለአካባቢው ሥራ አጦች የእንጀራ በር መክፈት ነበር። በ1927 ተመረቀ፤ ዓላማውም ከታሰበው በላይ ሰመረ። መሐንዲሱ፣ የጎማ ባለሙያው፣ ሾፌሩ፣ ካሜራ አንሺውና ሰዓት ያዡ እስከ ዛሬ ድረስ እዚያ ሥራ አጥተው አያውቁም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ዋጋው አንድ ባለ ፎቅ ቤት የሚያሠራ መኪና ይመጣል። ሜዳው ይዘጋለታል። እያንዳንዷን ኩርባ በቃሉ የሚያውቅ ሾፌር አንድ ዙር ይነዳዋል፤ ሰዓቱ እስከ ሺህኛ ሰከንድ ድረስ ይለካል፤ ፊልሙ ለዓለም ይለቀቃል። ከዚያ በኋላ አንድ የጥርስ ሐኪም ወይም አንድ የቤት ነጋዴ ሌላ አገር ተቀምጦ ያንን ሰዓት ይገዛል። መኪናውም አብሮ ይመጣለታል።

ሰዓቱን ነው የሚገዛው ስል ማቃለሌ አይደለም። መኪና ይዝጋል፣ ይጫጫራል፣ ሰርቪስ ይጠይቃል። ሰዓት ግን ነዳጅ አይጠጣም፤ ማቆሚያ አይፈለግለትም፤ ሰርግም ለቅሶም ይዘውት ይሄዳሉ። የፖርሽ 911 ጂቲ3 አርኤስ ባለቤት ራት ላይ «የኔዋ 6:49.328 ናት» ሊል ይችላል። ማንም ተነሥቶ «እስቲ አሳየን» አይለውም። ያንን ሰዓት በ2022 የነዳው ዮርግ በርግማይስተር የተባለ የውድድር ሾፌር ነው፤ ይሁንና ፈረስ ያሸነፈ እንደሆነ ሽልማቱ ለባለ ፈረሱ መሆኑ የታወቀ ነው።

እኔ ከነዚህ መኪኖች አንዱንም ነድቼ አላውቅም። ስለዚህ ፍርዴ ከአድልዎ የጸዳ ነው። አዲስ አበባ ካፌ ተቀምጠው ፌራሪ ይበልጣል፣ ላምቦርጊኒ ይበልጣል እያሉ ማኪያቷቸው እስኪቀዘቅዝ የሚከራከሩ ወዳጆቼም እንደኔው ናቸው። መንግሥት በ2024 የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉ ደግሞ ክርክራችንን የበለጠ አጠራው። ከእንግዲህ ማንም «ለራሱ ሊገዛ አስቦ ነው» ተብሎ አይጠረጠርም።

እኛ ስለ ሰዓት እናውቃለን የምንል ሕዝቦች ነን። በ2000 ሲድኒ ላይ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ 10,000 ሜትር ሮጦ ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ ሲቀድመው ጉሮሯችን እስኪዘጋ ጮኸናል። አሁን ሳስበው ግን ያ አሠራር ኋላ ቀር ነበር። ሁለት ሰዎችን በአንድ ምሽት፣ በአንድ ሜዳ፣ በአንድ ተኩስ ማስነሣት ምን የሚሉት ነው? ነፋሱ ለሁለቱም አንድ፤ ዳኛውም አንድ። የተሸነፈው ምን ብሎ ሊያመካኝ ይችላል? የመኪና ፋብሪካዎች ይህን ጭካኔ አስቀርተውታል። ኖርድሽላይፈ ላይ እያንዳንዱ ብቻውን ይሮጣል። ቀኑን ይመርጣል፤ አየሩ ቀዝቀዝ፣ አስፋልቱ ደረቅ እስኪል ይጠብቃል፤ ካልተስማማው ነገ ይመለሳል። ተፎካካሪው በዚያ ሰዓት እቤቱ ተኝቷል፤ መሸነፉን የሚሰማው ጠዋት ቡና ሲጠጣ ነው። ከዚያ ተራውን ቀን ይመርጣል። እንዲህ እየተባለ ሁሉም በየተራው አንደኛ ይወጣል፤ ከዚህ የበለጠ ሰብአዊ ስፖርት የት ይገኛል?

የዚህ ጥበብ ዘውድ የተደፋው በ2021 ነው። ላርስ ኬርን የተባለ የፖርሽ ሾፌር ማንታይ በተባለው ድርጅት የተሻሻለውን 911 ጂቲ2 አርኤስ ይዞ አንድ ዙር ነዳ። ሰዓቱ 6:43.300 ሆነ። ሰዓቱ 6:38.835ም ሆነ። የማተሚያ ቤት ስሕተት አይደለም። አንድ ሾፌር፣ አንድ መኪና፣ አንድ ዙር፣ ሁለት ሰዓት።

ምክንያቱ ይህ ነው። ከጥንት ጀምሮ ልማዱ ሰዓቱን ከመነሻው ትንሽ አለፍ ብሎ ማስነሣትና ከመድረሻው ትንሽ ቀደም ብሎ ማቆም ነበር። በመሐል 232 ሜትር ሳይለካ ይቀራል። መኪናው ይነዳበታል፤ ሰዓቱ ግን ያርፋል። በዚህ ስሌት ዙሩ 20.6 ኪሎ ሜትር ነው። በ2019 የሜዳው አስተዳዳሪዎች በድንገት ክፉ ሐሳብ መጣባቸውና «ከእንግዲህ ሙሉው ይለካ» አሉ። ፋብሪካዎቹም የዋዛ አልነበሩም፤ ለሕጉ አንድ ሰዓት፣ ከድሮዎቹ ጋር ለመወዳደሪያ አንድ ሰዓት ይዘው ቀረቡ። በሁለቱ መካከል ያለው 4.465 ሰከንድ ነው። ትልቅነቱ የሚገባን ከዚያ በፊት የነበረውን ጸብ ስናስታውስ ነው። ፖርሽ በ2017 በዚሁ ሞዴል 6:47.3 ገባ፤ በዓመቱ ላምቦርጊኒ አቬንታዶር ኤስቪጄ በ6:44.97 ቀማው። የዓለም ጋዜጦች ምሽት ያመሹበት ልዩነት ከሁለት ሰከንድ ተኩል አይሞላም። ያልተለካችው ቁራጭ መንገድ ብቻዋን የዚያን እጥፍ ልትይዝ ምንም አልቀራት። ሺህኛዋን ሰከንድ ሲያጠሩ ሁለት መቶ ሠላሳ ሁለት ሜትር የሚረሱ ሰዎች ዝንጉ ናቸው የሚል ካለ ምሥጢሩ አልገባውም። ከነጥቡ በኋላ ሦስት አኃዝ ያየ አንባቢ ከነጥቡ በፊት ስላለው ነገር አይጠይቅም።

ጎማውንም እናመስግን። እነዚህን ሰዓቶች ከሚያስገቡት ጎማዎች አንዱ ሚሽሊን ፓይለት ስፖርት ካፕ 2 አር ይባላል። ጥርሱ ለዓይን ያህል ነው፤ ሲሞቅ አስፋልቱን እንደ ሙጫ ይይዛል፤ ብርድና ዝናብ አይወድም፤ ቶሎ ያልቃል። መኪናን ከመኪና የሚያወዳድሩ ሰዎች ስለ ሞተሩ፣ ስለ ካምቢዮውና ስለ ሻንሲው ብዙ ገጽ ይጽፋሉ። ምድርን የነካው ጎማው ብቻ መሆኑን ግን አንድ መስመር ላይ ጣል አድርገው ያልፋሉ፤ ጨዋነት ነው። በሩጫም ይህ ነገር ደርሶናል። ትዕግሥት አሰፋ በ2023 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2:11:53 ስትጨርስ እግሯ ላይ የነበረው የአዲዳስ ጫማ 138 ግራም ይመዝናል፣ 500 ዶላር ይሸጣል፣ አምራቹ ራሱም የሠራው ለአንድ ማራቶን መሆኑን አልደበቀም። እና ሰው ሁሉ ስለ ጫማው ተከራከረ። የሁለቱ ልዩነት ትንሽ ነው፤ ትዕግሥት 42 ኪሎ ሜትሩን ራሷ ሮጣዋለች።

አሁን ወደ ረቂቁ ነገር፣ ወደ መንገድ አያያዝ እንምጣ። ሰዓት ለብዙኃኑ ነው፤ ሊቃውንቱ የሚጣሉት እዚህ ላይ ነው። ነገሩ ሲፈታ ቀላል ነው። ጎማ ያለው አንድ የመያዝ አቅም ነው፤ ለፍሬን ያዋለውን ለኩርባ አይደግመውም። ኩርባ ላይ የፊት ጎማዎች ቀድመው ካቃታቸው መሪውን ብትጠመዝዙም አፍንጫው ወደ ውጭ ይገፋል። የኋላዎቹ ቀድመው ካቃታቸው ጅራቱ ይወጣና መኪናው የመጣበትን መንገድ ዞሮ ያያል። ፈሪ ሰው የመጀመሪያውን ይመርጣል፤ አዋቂ ነኝ ባይ ሁለተኛውን ይወዳል፤ መድን ሰጪው ሁለቱንም አይወድም።

ከዚህ አንጻር ፖርሽ 911ን የሚያህል ለከንቱነት የታመነ መኪና አላየሁም። በ1963 ፍራንክፈርት ላይ ሲታይ ሞተሩ ከኋላ ጎማዎች አክስል አልፎ ጅራቱ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ክብደት ሊቀመጥበት የማይገባ ቦታ ቢኖር እሱ ነው። ኩርባ መሐል ነዳጅ የለቀቀ ሰው ጅራቱ ሊቀድመው ይነሣ ነበር፤ በ1975 የመጣው ቱርቦማ «መበለት አድራጊው» የሚል የፍቅር ስም ወጣለት። ሌላ ፋብሪካ ቢሆን ሞተሩን አንሥቶ መሐል ያስቀምጥና ምሳ ይበላ ነበር። ፖርሽ ግን ሞተሩን ከቦታው ሳያነቃንቅ ከ60 ዓመት በላይ ፊዚክስን ሲለምን፣ ሲያባብል፣ ሲደልል ኖረ፤ ጎማውን አሰፋ፣ የኋላ እግሮቹን ለወጠ፣ ክንፍ ቀጠለ፣ የኋላ ጎማዎቹም እንዲዞሩ አደረገ። በመጨረሻም ፊዚክስ ታክቶት እሺ አለ። ዛሬ 911 ከሁሉ የተሻለ መንገድ ይይዛል የሚሉት ብዙዎች ናቸው፤ ሁሉም ድል የተገኘው ፋብሪካው ራሱ ባስቀመጠው እንቅፋት ላይ መሆኑ ደስታውን ይጨምረዋል።

በ2011 ግን በዚህ ቤት ሐዘን ገባ። ፖርሽ የ911ን መሪ በዘይት ግፊት ከሚታገዝ ወደ ኤሌክትሪክ ለወጠው። መኪናው ከቀድሞው ፈጠነ። ነገር ግን መሪው ዝም አለ ተባለ። ቀድሞ አስፋልቱ ምን እንደሚመስል ለሾፌሩ መዳፍ ይነግረው ነበር፤ አሁን አይነግርም። ጸሐፊዎች እንደ ዘመድ አለቀሱለት። አስፋልቱ ያንኑ አስፋልት ነው፤ በመስኮት ይታያል። ግን ይህን ማለት ልቅሶ ቤት ገብቶ የሟቹን ዕድሜ እንደ መጠየቅ ነው።

ስለዚያው ጂቲ3 አርኤስ ጥቂት ልጨምር፤ ባለቤቱ በራት ግብዣ ላይ ሊፈልገው ይችላል። 1,450 ኪሎ ይመዝናል። ፍጥነቱ በሰዓት 285 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ክንፎቹ መኪናውን በ860 ኪሎ ኃይል ወደ መሬት ይጫኑታል። መሪው ላይ የሾኩን ጥንካሬና ልስላሴ፣ የዲፈረንሻሉን ጠባይ እየነዱ የሚቀይሩባቸው ማዞሪያዎች አሉት። ከፊት ኮፈኑ ሥር ሻንጣ ይቀመጥበት የነበረውን ቦታ አንድ ትልቅ ራዲያተር ወስዶታል፤ ሻንጣ የያዘ ሰው መድረሻ አለው ማለት ነው፣ መድረሻ ያለው ሰው ደግሞ ዙር ላይ ምን ይሠራል? የአየር ጫና ከፍጥነት ጋር በካሬ የሚያድግ ነገር ነው፤ ስለዚህ ሲቀንስም በካሬ ነው። ባለቤቱ ከተማ ውስጥ መጨናነቅ ገብቶ በ20 ኪሎ ሜትር ሲያዘግም ያ ሁሉ የካርበን ክንፍ የሚጭነው 4 ኪሎ ያህል ነው፤ ጣሪያው ላይ ሁለት ዶሮ ቢያሰፍር ያንኑ ያገኝ ነበር። ግን ዶሮ ሰዓት አታስገባም።

ክርክሩ ሁልጊዜ በፍቅር አልቆየም። በ2008 ኒሳን ጂቲ-አር 7:29 ገባሁ ሲል፣ ዋጋው የፖርሽን ያህል ስላልሆነ ፖርሽ ባለበት ሽቱትጋርት ውስጥ ሰው እንቅልፍ አጣ። የፖርሽ ሰዎች አንድ ጂቲ-አር ገዝተው በራሳቸው ሾፌር ቢነዱት 7:54 ሆነባቸውና የኒሳኑ ጎማ መደበኛ አልነበረም ብለው ጠረጠሩ፤ ኒሳን መደበኛ ነው አለ። አንድን የተወደደ መኪና የሚሸጥ ፋብሪካ የባላንጣውን መኪና ገዝቶ ቀስ ብሎ መሄዱን በሰዓት ማረጋገጡ በንግድ ታሪክ ውስጥ የሚጠቀስ ትጋት ነው። ፌራሪ ከዚህ ጭቅጭቅ ራቅ ብሎ መቀመጥን መርጧል፤ በ1972 ፋብሪካው አጠገብ ያሠራው ፊዮራኖ የሚባል የግል ሜዳ አለው፤ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል፤ መኪኖቹን እዚያ ይለካል፤ ከቀድሞ ፌራሪዎች ጋር ያወዳድራል፤ አዲሱ ሁልጊዜ ይበልጣል። ከሁሉ የማደንቀው ግን ማክላረንን ነው። በ2013 ፒ1 የተባለው መኪናው ኖርድሽላይፈን ከ7 ደቂቃ በታች ጨርሷል አለ፤ ስንት እንደሆነ ግን አልተናገረም። ሌሎች እስከ ሺህኛ ሰከንድ ወርደው የሚለፉበትን ክብር እሱ በደፈናው ወሰደ።

በማርች 2015 እዚያው ኖርድሽላይፈ ላይ አንድ የውድድር መኪና ፍሉግፕላትስ ከተባለው ጉብታ ላይ አየር ላይ ተነሥቶ አጥሩን ተሻገረ፤ አንድ ተመልካች ሞተ። በአንዳንድ ቦታዎች ላይ የፍጥነት ገደብ ተጣለ፤ በ2016 ገደቡ ተነሣ። በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ አንድ የፈረስ ጉልበት ያለው ኮኒግሰግ ዋን-ዋን መጥቶ አጥሩን ገጨ፤ ጥፋተኛው ኤቢኤስ የሚባለው የፊት ጎማው የፍሬን መሣሪያ ነው ተባለ። አድናቂዎች ይህን ምዕራፍ ባጭሩ ነው የሚያነሡት። እኔም ባጭሩ አልፌዋለሁ።

ስለ ዶጅ ቫይፐር ግን ባጭሩ ማለፍ ግፍ ነው። ይህ አሜሪካዊ መኪና ግዙፍ ሞተር፣ ግዙፍ ክንፍና ትንሽ ገበያ ነበረው። ምርቱ በ2017 እንዲቆም ተወሰነ። ፋብሪካው ለሚሞት መኪና ሰዓት ማስገቢያ ገንዘብ አላወጣም፤ አፍቃሪዎቹ ግን አዋጡ። ዕቁብ ሳይሆን፣ ዕድር ሳይሆን፣ ከየሰዉ ኪስ በኢንተርኔት ተሰብስቦ ሾፌር ተቀጠረ፣ ሜዳ ተከራየ፣ መኪኖቹ ውቅያኖስ ተሻገሩ። ግቡ 7 ደቂቃን መስበር ነበር። 7:01.3 ገባ። ሌላ ሙከራ ሲያደርጉ ጎማ ፈነዳና መኪና ተሰባበረ። ብሩ አለቀ፤ መኪናውም ከዚያ ወዲህ አልተመረተም። ለማይሸጥ ዕቃ፣ ሻጩ ሳይጠይቅ፣ ገዢው ከኪሱ ማስታወቂያ ሠርቶ፣ ያውም በ1.3 ሰከንድ ያጣበት ሌላ ጉዳይ በየትኛው ሃይማኖት ታሪክ እንዳለ አላውቅም።

እንዲህ ያለውን ፍቅር ሳስብ የቻይና የስልክ አምራቹ ሻዎሚ የደረሰበት በደል ያሳዝነኛል። መኪና ልሥራ ብሎ ተነሣ፤ በ2024 ለሙከራ የሠራው ኤስዩ7 አልትራ 6:46.874 ገባ፤ በዓመቱ ለገበያ የወጣው 1,548 የፈረስ ጉልበት ይዞ ተሸጠ። ከዚያ በሜይ 2025 ኩባንያው በኢንተርኔት በኩል የመኪኖቹን ጉልበት ወደ 900 ገደማ ዝቅ አደረገው። የቀረውን የሚፈልግ ባለቤት ወደ ታወቀ ሜዳ ሄዶ የተወሰነለትን ሰዓት እየነዳ ያስገባ፤ ያኔ ሙሉው ይለቀቅለታል። ገዢዎቹ በቁጣ ነደዱ። ኩባንያው ደንግጦ ሐሳቡን ሰረዘ። ልብ በሉ፤ የተጠየቁት መኪናው የተሠራለትን ሥራ እንዲሠሩበት ነበር፤ ስድብ ሆኖ ተሰማቸው። በትክክልም ስድብ ነው። ሰው ሰዓት የሚገዛው ራሱ ላለማስገባት ነው። በዚያው ሰሞን ደግሞ ሌሎች ገዢዎች 42,000 ዩዋን የከፈሉበትን የካርበን ኮፈን ፈትሸው ቀዳዳዎቹ እንደ ማስታወቂያው አየር እንደማያሳልፉ ደረሱበት፤ ኩባንያው ይቅርታ ጠየቀ። ይቅርታ የሚያስፈልገው አልመሰለኝም። ቆሞ የሚውል መኪና ኮፈን ምን አየር ያሳልፋል?

የለም፣ እኔ ራሴ ካልነዳሁ የሚል ባለቤት ካለም ኖርድሽላይፈ በሩ አልተዘጋበትም። ለሕዝብ የሚከፈትባቸው ቀናት አሉ። በነዚያ ቀናት መንገዱ በሕግ ፊት ተራ የክፍያ መንገድ ነው፤ የጀርመን የትራፊክ ሕግ ይሠራበታል። 30 ዩሮ ገደማ የከፈለ ሁሉ የቤተሰቡን መኪና ይዞ ይገባል፤ ከኋላ ወንበር ልጅ፣ ከልጁ አጠገብ ብስኩት። መቅደም በግራ በኩል ብቻ ነው። አጥር የገጨ የብረቱን ዋጋ ይከፍላል። ሙሉ ዙርም አይገኝም፤ መግቢያና መውጫው መሐል ላይ ስለሆነ የቀጥታው መንገድ ከፊሉ ይቀራል። ባለ 860 ኪሎው ክንፍ ከኋላው፣ ማዞሪያዎቹ ከፊቱ፣ 6:49.328 በልቡ ይዞ የመጣው ሰው በሩ ላይ ደንቡን ያነባል። በደንቡ ውስጥ አንድ ነገር በግልጽ ክልክል ነው፤ ሰዓት መያዝ።